አባባን ማን ፈዋሽ አላቸው?

ለምትናፍቀኝ ወንድሜ ለኤርሚንዮ፣

እንዴት ከርመሃል? ወገብህ ተሻለህ? ባለቤትህስ ፔኮን እንዴት ናት? የልጆቹ ሳል ለቀቃቸው? ወንዙ ሞልቶ የሙዝ ተክሉን ወሰደው ወይስ ዘንድሮ ማራችሁ? እኔ በአካል ደህና ነኝ፤ ከዚህ ሌላ ደህና የምለው ነገር የለኝም። የአባባን ነገር ሰው አጣሞ ሳይነግርህ ከእኔው ስማው ብዬ ነው የምጽፍልህ።

ሬናቶን ታስታውሰዋለህ፤ ያ ከሊማ መጥቶ ከአባባ ዘንድ መድኃኒት ልማር ያለው፣ ለተማሪ የሚታዘዘው ጨው የሌለው ዓሣ ሰልችቶት ወር ሳይሞላው የተመለሰው። «ከተማው እርስዎን ይፈልጋል» ብሎ ወደ ሊማ ሲያስመጣቸው ደስ ብሎን ነበር። እዚህ ግን ጌታው እሱ ሆኖ ጠበቀን። ከብጤዎቹ ጋር ማኅበር አቋቁሞ ማን ፈዋሽ እንደሆነ፣ ማን እንዳልሆነ የሚወስነው እሱ ነው። አባባን «እርስዎማ ልምድ አለዎት፣ ግን የማኅበሩን ስልጠና አልወሰዱም» አላቸው። አባባ ሳቁና «አንተን ማን አሰለጠነህና ነው?» አሉት። እሱም አብሮ ሳቀ፤ ሐሳቡን ግን አልለወጠም። ከዚያ ወዲህ እማማ የጠለፈችላቸውን የባህል ቀሚስ ለብሰው ከሬናቶ የፈውስ ቤት ጥግ ይቀመጣሉ፤ ዝፈኑ ሲባሉ የፈውስ ዘፈናቸውን ይዘፍናሉ፣ በቃ ሲባሉ ዝም ይላሉ። ራእይ የሚያሳየውን መራራ መጠጥ፣ አያዋስካውን፣ ለበሽተኛው የሚቀዳው ሬናቶ ነው።

አንድ ቀን ሎሬና የምትባል፣ እናቷን በቅርቡ የቀበረች ልጅ መጣች። አባባ እጇን ይዘው ሲያነጋግሯት ለልቧ ኪኒን እንደምትወስድ ነገረቻቸው። አስተርጓሚያቸው እኔ ነኝና «ይቺ ልጅ እንዳትጠጣ፤ እኔ እዘፍንላታለሁ፣ ዘፈኑ ይበቃታል ብለሽ ለሬናቶ ንገሪው» አሉኝ። ነገርኩት። ሬናቶም «እዚህ ቤት የሚወስነው ማን እንደሆነ አስታውሻቸው» አለኝና ቀዳላት። ልጅቱ ሳይነጋ አረፈች። አባባ ራሷን ታቅፈው እስከ መጨረሻው ዘፈኑላት።

ፖሊስ ሲመጣ ሬናቶ ምን ቢል ጥሩ ነው? «እኔ ቤት አከራይ ነኝ። ፈዋሹ እሳቸው ናቸው» አለ። ያን ሁሉ ጊዜ የነፈጋቸውን ስም ያን ቀን ሸለማቸው፤ አባባንም አሰሯቸው። እኔ ብመሰክርም የልጃቸው ቃል ነው ተብሎ ተጣለ። የመንደራችን ሊቀ መንበር እንዲመሰክሩላቸው ስደውልም «ሬናቶ የትምህርት ቤቱን ጣሪያ ሠርቶልናል፣ እኛን አታስገቢን» አሉኝ። አንተም ከእሳቸው ጋር ተጣልተህ እዚያ መኖር እንደማትችል አውቃለሁ፤ አልወቅስህም።

ፍርድ ቤት ያቆመላቸው ጠበቃ አንድ መንገድ ነበረው። «ፈዋሽ አይደለሁም፣ ለዘፈን ተቀጥሬ ነው ይበሉ። ማኅበሩም ፈዋሽ ናቸው ብሎ አያውቅም። ይፈቱዎታል» አላቸው። እግራቸው ላይ ወድቄ ለመንኳቸው።

ዳኛው «ፈዋሽ ነዎት?» ብለው ጠየቁ። አባባ ቀና ብለው «ነኝ። አባቴም ነበር። ልጅቱ እንዳትጠጣ ያልኩትም ፈዋሽ ስለሆንኩ ነው» አሉ። ቃሉን ሳልለውጥ ተረጎምኩ። ዳኛው ግን የመጀመሪያዋን ቃል ብቻ ነው የፈለጓት። ፈረዱባቸው። በዚህ ዕድሜያቸው ፍርዱን ጨርሰው የሚወጡ አይመስለኝም።

እስር ቤት ስጠይቃቸው አይዘፍኑም። የወሰድኩላቸውን ትምባሆም ለሌሎች እስረኞች ያድላሉ። ሬናቶ ቤቱን መልሶ ከፍቷል፤ ከላይኛው ወንዝ ሌላ ሽማግሌ አስመጥቷል ይላሉ። ላስጠነቅቃቸው ብል የሽማግሌውን ዘመዶች የት ብዬ እንደማገኛቸው አላውቅም።

ፔኮንን ሰላም ብላሻለች በልልኝ። አክስታችን ኤሎይሳ እንዳትሰማ፣ ልቧ አይችለውም፤ አባባ ያልመጡት ሥራ በዝቶባቸው ነው በላት። ትንሿን ሳኒን ጉንጯን ሳምልኝ። አባባም ሁላችሁንም በየስማችሁ ሰላም ብለዋል። «ታንኳዬን ለኤርሚንዮ ልጅ ስጡት» ብለዋል። «አቆዩልኝ» አላሉም።

እህትህ ዴልፊና
ሊማ፣ ካንታጋዮ ሰፈር
ኦገስት 9 ቀን 2019