ያፈሩበት ሰማያዊ ግድግዳ

«እሳት የገባ ጡብ ትቼ እንዴት እመጣለሁ?»

«እኔስ ምን ውስጥ ነው የገባሁት ታዲያ?»

የጡብ ፋብሪካ ምድጃ ተቆጣጣሪው አባታቸውና ምጥ የያዛቸው ልብስ ሰፊዋ እናታቸው በመልእክተኛ በዚህ ሲነታረኩ፣ ዛሬ የምንሸኛቸው እናታችን በ1940 ዓ.ም. የመጀመሪያ ልጅ ሆነው ተወለዱ።

መደበኛ ትምህርታቸውን አጠናቀው የጌጣጌጥ ጥበብ ትምህርት ቤት ገቡ። በሸክላ ክፍሉ ውስጥ ሴት እሳቸው ብቻ ነበሩ። በ1963 ዓ.ም. በማዕረግ ተመርቀው የራሳቸውን የሸክላ መሥሪያ ከፈቱ። መደርደሪያ ሊሠሩላቸው የመጡትን አናጺ፣ አባታችንን፣ አገቡ። መደርደሪያው ሳያልቅ ሦስት ልጆች ወለዱ፤ አባታችን በዚህ እስከ ዛሬ ይቀለድባቸዋል።

በ1971 ዓ.ም. የከተማችንን ሆስፒታል መግቢያ አዳራሽ ግድግዳ በሰማያዊ ሸክላ እንዲያስጌጡ ተመረጡ። እንዲህ ያለ ሥራ ለሴት ሲሰጥ የመጀመሪያው ነበር። የምርቃቱ ቀን ሲደርስ ግን ቸኮሉ፤ ምድጃውን ሳይበርድ ከፈቱትና የታችኛው ረድፍ ሸክላዎች ቅብ ተሰነጣጠቀ። እንደገና ለመሥራት ጊዜ ስላልነበረ ስንጥቁን በተራ የዘይት ቀለም ሸፈኑት። ማንም አላወቀባቸውም። ተጨበጨበላቸው፣ ተሸለሙ፣ ጋዜጣ ላይ ወጡ። ሽልማቱን ቤት አምጥተው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞሩት።

ከዚያ በኋላ ለረጅም ዓመታት አስተማሩ። ተማሪዎቻቸው ያንን ግድግዳ ሊጎበኙ ሲሄዱ እሳቸውን ራስ ምታት ይይዛቸው ነበር። ቀለሙ ሲላጥ በእሑድ ቀን ሻሽ አስረው፣ ብሩሽ ይዘው ይሄዱና ተንበርክከው ይጠግኑታል። አንድ ቀን የጽዳት ሠራተኛዋ፣ «እትዬ፣ የሠራችው ሴትዮ ምነው ራሷ አትመጣም?» ብትላቸው፣ «አፍራ ይሆናል» አሏት።

ጡረታ እንደወጡ እውነቱን ሊናገሩ ወደ ሆስፒታሉ ኃላፊ ሄዱ። ኃላፊው ገና ሲያዩዋቸው ሠራተኛውን ሰብስበው አስጨበጨቡላቸው። አበባ ታቅፈው፣ አንድ ቃል ሳይተነፍሱ ተመለሱ። ያን ቀን እራት አልበሉም።

በልብ ሕመም ተኝተው ሲረዱ ሳሉ ነገሩን ሁሉ ለእኛ ለልጆቻቸው ነገሩንና በሕይወት ታሪካቸው ውስጥ እንዲነበብ አዘዙ።

«እማዬ፣ ለቀስተኛ ፊት?» አላቸው ታላቅ ወንድማችን።

«ታዲያ የት? እኔ እንደሆን ያኔ አቀርቅሬ አልቆምም።»

ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና አምስት የልጅ ልጆቻቸውን ትተዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ጭብጨባም ወቀሳም በማይደርስበት ያሳርፍልን። ያረፉት በ2015 ዓ.ም.፣ በሰባ አምስት ዓመታቸው ነው። እኛ አልጋቸው ግራና ቀኝ ቆመን፣ ይነበብ፣ አይነበብ እየተባባልን ነበር።