ጣሳው የወረደበት ቅዳሜ

ኅዳር 3 ቀን 1979

ዝናቡ ያበቃ መሰለኝ፤ ጭቃው ግን ገና ነው። ከቀበሌ ጽሕፈት ቤት እንደወጣሁ ሦስቱንም ቤቶቼን ዞርኩ። መጀመሪያ የወይዘሮ ጥሩ ጠላ ቤት። ጠላው ቀጥኗል። ብነግራት ተቆጣች። «ወፍራም ካማረህ ገንፎ ብላ!» ከዚያ ምንዳዬ አረቄ ቤት፣ አንድ መለኪያ ብቻ። ማሳረጊያው እንደ ሁልጊዜው እትዬ ሸዋርካብሽ ጠጅ ቤት።

የመቱ ጨዋ ሁሉ ይሄን ከአውቶቡስ ተራ ጀርባ ያለ ሰፈር ሲንቅ ይገርመኛል። አዎ፣ ወለሉ አፈር ነው። አግዳሚው ይወላገዳል። ጣሪያውም ያፈሳል። ግን ሰው እንደልቡ የሚስቀው ሌላ የት ነው? ቀበሌ ስብሰባ ላይ?

ዶሪም ነበረ፣ ከዳሪሙ ገጠር ማር የሚያመጣው። ጃለኔን ካገባ ወዲህ ወዝ አውጥቷል። ገበያ ውሎ ስለመጣ ደክሞታል። እትዬ ደጅ በቆመው አጣና ላይ ጣሳ ተደፍቶ ካየ ጠጅ አለ ማለት ስለሆነ ማሩን ገበያ ይወስደዋል። ጣሳው ከሌለ ጋኑ ባዶ ነውና በጓሮ በር በቀጥታ ለእሷ። እንዲህ ነው ንግዳቸው፤ ቀጠሮ የለ፣ መልእክተኛ የለ። አንድ ብርሌ ጋበዝኩት። ሌላም ሊያስደግመኝ ፈልጎ ነበር፣ አይን አውጣ።

ኅዳር 8

ስብሰባ። ሊቀመንበራችን ጓድ ወልደሰንበት ዛሬ ፊቱ ፈክቷል። ኅዳር 20 የውጭ አገር እንግዶች ከአዲስ አበባ ሹማምንት ጋር ሶር ፏፏቴን ሊያዩ ይመጣሉ። ሲመለሱ «የሰፊውን ሕዝብ ባህላዊ መጠጥ» ይቀምሳሉ።

«እነዚህን ጠጅ ቤቶች የሚያውቅ ጓድ ማነው?»

አንገት ሁሉ ወደኔ ዞረ። ሳቁብኝ። እኔ ደግሞ ዝም አልልም... «የማላውቀው ጠበል ቤቱን ብቻ ነው» አልኩ። እሱም ሳቀ። ኃላፊ አደረገኝ! ግድግዳው ኖራ ይቀባል፣ ብርሌው ይታጠባል፣ ጣሳው ቀኑን ሙሉ እንደተሰቀለ ይውላል፣ ቤቱ በወጣት ይሞላል። ትእዛዝ ነው።

የጸሐፊነት ሥራ ከያዝኩ ወዲህ እንዲህ የወደድኩት ሥራ የለም።

ኅዳር 12

ኖራ ስንቀባ ዋልን። እትዬ ሸዋርካብሽ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ታየናለች።

«ደርበው፣ ቤቴን የሙሽራ ቤት አስመሰልከው። ሙሽራው ማነው?»

«እርስዎ ነዎት እንጂ!»

«ሂድ ወዲያ፣ ባለጌ!»

የሰፈሩን ወጣት አንድ በአንድ ጠራሁ። ቅዳሜ እንዳትቀሩ፣ እንግዳ እንዳታሳፍሩን... እሺ አሉኝ። እኔ ካልኩማ ይመጣሉ።

ኅዳር 17

ሰማሁ። ምነው ባልሰማሁ።

የጓድ ወልደሰንበት በር ገርበብ ብሏል። ከአብዮት ጥበቃው አዛዥ ጋር ናቸው። «እንግዶቹ እንደሄዱ... ቤቶቹ ሞልተው ሳለ... ከፊትም ከጓሮም ትይዛላችሁ። የብሔራዊ ውትድርናው ኮታ በአንድ ቀን ይሞላል።»

አፈሳ ነው። እነዚያን ልጆች የጠራኋቸው እኔ ነኝ። ስማቸውን እየጠራሁ፣ ትከሻቸውን እየመታሁ። ለወጥመዱ ኖራ የቀባሁለት እኔ!

አውቆ ነው የመረጠኝ? ወይስ እንዲሁ ገጥሞለት?

ኅዳር 18

ለማን ይነገራል? ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ለአንዱ ልጅ ብነግር ማታውን ከተማው ሁሉ ይሰማል፣ በማግስቱ እኔ ከርቸሌ።

ለእትዬ ነገርኳት። ብርሌ ታጥብ ነበር። ማጠቧን አላቆመችም። አንዱን አጥባ ደፍታ፣

«ጣሳው ከወረደ ሰው አይገባም» አለች።

«እንዲሰቀል እኮ ታዟል።»

«እንግዶቹ ጠጥተው ጨረሱት እላለሁ። ጠጅ አለቀ ያለችን ሴት ማን ያስራል?»

«ያስሩዎታል እትዬ።»

«ይሰሩኛ! ለጥሩና ለምንዳዬ እኔ እነግራቸዋለሁ። አንተ ብቻ ዝም በል። አፍህ አይታመንም።»

እውነቷን ነው። ከዚያ ወዲህ ከንፈሬን ነክሼ ነው የምሄደው።

ኅዳር 20፣ ቅዳሜ ጠዋት

መኪናዎቹ ወደ ሶር አለፉ። አምላኬ፣ ዛሬን ብቻ...

ኅዳር 21

የምጽፈው ከቀበሌው መጋዘን ነው። እትዬ ምሳ ስታመጣልኝ ደብተሬንም በብርድ ልብስ ጠቅልላ አስገባችልኝ። የሆነውን በተራ ልጻፈው፣ ጭንቅላቴ ውስጥ ተደበላልቋል።

እንግዶቹ መጡ። ቀመሱ፣ ፎቶ አነሱ፣ ግድግዳውን አደነቁ። ሄዱ። አቧራቸው ሳይበርድ እትዬ ጣሳውን አወረደች። በመስኮት አያለሁ። ልጆቹ ማዕዘኑ ጋ ይደርሳሉ፣ ባዶውን አጣና ያያሉ፣ እየተነጫነጩ ይመለሳሉ። ሁለት፣ ሦስት፣ ደግሞ ሌሎች... ደስታዬን የት ልወርውረው! አብዮት ጥበቃዎቹ በፊትም በጓሮም መጡ። ጓድ ወልደሰንበት ሲገባ ያገኘው እኔን፣ እትዬንና አንድ እንቅልፋም ሽማግሌ ነው።

«የታል ሕዝቡ?»

«እንግዶችዎ ጋኑን ጨረሱት፣ ጓድ። ሲወዱት!» አለች እትዬ። ፊቷ ላይ ምንም የለም።

ወደኔ ዞሮ አየኝ። ልክ ያኔ በጓሮ በር የዶሪ ድምፅ...

«እትዬ! ጠጅ አለቀ እንዴ? ጣሳውን አጣሁት፣ ገበያውን ትቼ ሮጬ መጣሁ!»

ረስተነዋል። ሁለታችንም። የሰፈሩን ልጅ ሁሉ ስናስብ ዶሪን ረሳነው። ጠጪውን ያባረርንበት ባዶ አጣና እሱን ጠራው። ያዙት። የማሩ ቅል ወድቆ ተሰበረ።

«ሚቲ! ሚቲ! እኔ አይደለሁም! የዳሪሙ ሰው ነኝ፣ ማር ነው የያዝኩት! ጋሼ ደርበው፣ ይንገሯቸው!»

እየጎተቱ ከግቢው አወጡት። እትዬ ግድግዳውን ይዛ ቆመች።

«ጓድ፣ የዚህ ቀበሌ ሰው አይደለም እኮ» አልኩ። «ጃለኔን ካገባ ገና ዓመቱ ነው። አርግዛለች።»

«ኮታ ዳሪሙንም መቱንም አያውቅም። ይህን ያህል ካዘንክለት ቦታውን ያዝለት። አንተ ላጤ ነህ።»

«እይዛለሁ።»

ማነው ያለው? እኔ? እትዬ ጭንቅላቷን ያዘች። ወልደሰንበት መጀመሪያ ሳቀ፣ ከዚያ ሳቁን ተወ። «መስክራችኋል» አለ። ወደ ውጭ ጮኸ፣ «ልቀቁት!» ዶሪ በወንዙ መንገድ ቁልቁል ሲሮጥ በበሩ አየሁት። ዞር ብሎ እንኳ አላየም። የተባባልነውን አልሰማም። ይሻላል።

ኅዳር 22

ጀግና ነኝ ብዬ አልዋሽም፣ ለራሴም ቢሆን። አፌ ነው የቀደመኝ። ዛሬ «ቀልዴን ነው» ብዬ ልለምነው በሩን አንኳኩቼ ነበር። የከፈተልኝ የለም። ጦር ሜዳ ምን ይመስላል? ሰሜን ከሄደ የተመለሰ አላውቅም... ፈርቻለሁ። በጣም ፈርቻለሁ።

የምጽናናው በአንድ ነገር ብቻ ነው። ዶሪ ቤቱ ነው።

ኅዳር 24፣ በደሌ

መኪናው ለምሳ ቆሟል። ወታደሩ ሳያየኝ ልጨርስ።

ጠዋት ከመቱ ስንነሳ ሸራው ተገለጠና ከፖሊስ ጣቢያ ያመጧቸውን ጨመሩብን። ፀጉራቸው ተላጭቷል፤ አልለየኋቸውም። የመጨረሻው አጠገቤ ተቀመጠ።

«ጋሼ?»

ዶሪ ነው።

ያዩኝን ዓይኖች ሳውቃቸው መጀመሪያ የተሰማኝን ልጻፈው፣ ሌላ ማንም አያነበውም። ደስ አለኝ። ብቻዬን አይደለሁም ብዬ ደስ አለኝ! እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። ከዚያ ነው ጃለኔ ትዝ ያለችኝ።

ወንዙ ጋ ሌሎች ጥበቃዎች ይዘውት ነበር። ያው ቅዳሜ፣ ያው ሰዓት። ከለቀቁት በኋላ ድልድዩን እንኳ አልተሻገረም። ወልደሰንበት ያውቅ ነበር? ያውቅ ነበር እንጂ። በአንድ ሰው ፈንታ ሁለት አገኘ።

«ጃለኔ ገበያ ነው ያለው ብላ ትጠብቀኛለች» ይላል ዶሪ። ደጋግሞ ይሄን ነው የሚለው። እኔ ዝም። እኔ፣ ዝም!

በደሌ ስንደርስ ቆሎውን አካፈለኝ። ትልቁን እፍኝ ለእኔ ሰጠኝ።

«ጋሼ፣ እርስዎ የቀበሌ ሰው አይደሉ? እርስዎንስ ለምን ያዙዎት?»



«እንዳንተው» አልኩት። «ዝም ብለው ያዙኝ።»