ናቲን ያየ አለ?

ሐሙስ

ናቲ ዛሬም ጠየቀኝ። «ኪቦርዱን የምትለቂበትን ፓስዎርድ አሁን ብትሰጪኝ አዲሱን አፕዴት ለቅዳሜ አደርሰዋለሁ» ይላል። ከአያት ወደ ቦሌ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ጥግ ይዤ ይህን በስልኬ እጽፋለሁ፤ ራሴ በሠራሁት ኪቦርድ። እውነቱን ለመናገር ሰልችቶኛል። የአማርኛ ኪቦርዱን ሠርቼ ኮዱን ለሁሉም ክፍት ካደረግሁ ወዲህ እረፍት የለኝም፤ አንዲት ፊደል የጠፋችበት ሁሉ የሚሰድበው እኔን ነው። ናቲ ግን ሳይለመን ኮዱን ያርማል፣ አመስግኑኝም አይልም። በእኛ የፕሮግራመሮች ስብሰባ ደግሞ ወጉ የታወቀ ነው፦ የደከመው ለተረኛው በጭብጨባ ያስረክባል። ቅዳሜ የማስረከብ ተራው የእኔ ነው።

ሰጠሁት። እፎይ!

ዓርብ

ከአዘጋጃችን ከዮናታን ጋር አዳራሹን ስናሰናዳ ዋልን። አዳራሽ ማለቴ ከካፌው በላይ ያለችው ክፍል ናት። ኤክስቴንሽን አለ። ፕሮጀክተር በልመና ተገኘ። ቦምቦሊኖ ታዘዘ። ጄኔሬተሩ ይነሳል ተብሏል፣ አላመንኩም። የናቲን ባጅ በራሴ እጅ ጻፍኩ። ፊቱን ለማየት ጓጉቻለሁ፤ እስከ ዛሬ የምንገናኘው በጽሑፍ ብቻ ነው። እንደዋወል ስለው «ድምፄ አያምርም» ብሎ ይቀልዳል።

ቅዳሜ

አልመጣም። አፕዴቱ ግን በሰዓቱ ተለቀቀ። እንደ ልማዳችን ሁላችንም እዚያው በየስልካችን ጭነን አጨበጨብን። መብራት ጠፋ፤ ጄኔሬተሩ፣ ጉድ ነው፣ ተነሳ።

ሻይ ላይ ዮናታን «ጓደኛሽ ምነው ቀረ?» አለኝ።

«የኔ? አንተ አይደለህ እንዴ ያመጣኸው?»

«ኧረ ባክሽ! እኔማ አንቺ ስታመሰግኚው ሰምቼ ነው ያመንኩት።»

እኔ ደግሞ እሱን አምኜ! ክፍሉን እየዞርኩ ጠየቅሁ። ሁሉም ያውቀዋል፣ ያየው ግን የለም። እኛ ሰው ሲመጣ ኮዱን እናያለን እንጂ ማን ነህ አንልም፤ እንዲያውም እንኮራበታለን። ባጁ ጠረጴዛው ላይ ቀረ።

እሑድ

ለሕዝብ ክፍት የሆነውን ኮድ ከላይ እስከ ታች አየሁት፣ ንጹህ ነው። ስልክ ላይ የተጫነው ግን ሌላ ነው፤ ኢንተርኔት የመጠቀም ፈቃድ ተጨምሮበታል። ኪቦርድ ኢንተርኔት ምን ያደርግለታል? ሰው የሚጽፈው ሁሉ በእሱ ነው የሚያልፈው፦ የባንክ ፓስዎርዱ፣ ፍቅሩ፣ ስድቡ። ፓስዎርዱን ልቀይር ብል ናቲ ቀድሞኛል። ሲኤምሲ ሄጄ ከእማዬ ስልክ ላይ አጠፋሁት። «ምነው፣ ደህና ይጽፍልኝ የለ?» አለች።

ለሁሉም የምለጥፈውን እዚሁ ልሞክረው፦ «ኪቦርዱን አጥፉት። ናቲ ማን እንደሆነ አላውቅም። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ይቅርታ።» ለማንም አላሳየሁትም። ጠዋት እለጥፈዋለሁ።

ሰኞ

ስነቃ ከናቲ መልእክት ገብቷል። «ጥፋቱ ያንቺ አይደለም፣ ይቅርታም አትጠይቂ። ባትለጥፊው ይሻላል። እናትሽን ሰላም በይልኝ።»

ከእማዬ ስልክ ላይ አጥፍቼ፣ በራሴ ስልክ ቁጭ ብዬ መጻፌ! ይህን ማስታወሻ ከቅዳሜ ጀምሮ አብሮኝ ሲያነብ ነበር። አፈርኩ፣ ፈራሁም።

ይህን የምጽፈው በእስክሪብቶ ነው። ስልኬን ዘግቼ ቤት ትቼዋለሁ። ወደ ዮናታን እየሄድኩ ነው፤ በአፌ እነግረዋለሁ፣ እሱም ለሌሎቹ በአፉ ይንገር። ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ ፈገግ እያለች ለሆነ ሰው ትጽፋለች። ኪቦርዱን አወቅሁት። ምን ብዬ ልጀምርላት?