ለዓመታት የሚበቃው ባትሪ

ልጄ ዩምና፣ አሰላሙ ዐለይኩም። አላህ ካለሽበት አገር ከክፉ ዓይን ይጋርድሽ፣ እጅሽ የነካውን ሁሉ ይባርክልሽ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። አልዩ አምባ ዘንድሮ ሙቀቱ በርትቷል፣ ማሽላው ግን ደህና ይዟል።

ለላፕቶፑ የላክሽው ባትሪ ደርሶኛል። ካርቶኑ ተከፍቶ እንደገና የታሸገ ስለመሰለኝ ያመጣችውን ልጅ ጠየቅኳት። ኤርፖርት ላይ ፈትሸውት ነው አለችኝ፤ እንግዲህ እሷ ታውቃለች።

የእህትሽ የነጅዋ ባል ሰላሀዲን፣ ላፕቶፑን ደብረ ብርሃን ወስጄ ላስቀይረው ቢለኝ እምቢ አልኩ። ሱቅ የገባ ዕቃ ሆዱ ተለውጦ ነው የሚወጣ። እዚሁ ቤት ራሱ ሲቀይረው፣ እኔ ብሎኖቹን በትሪ ይዤ ከአጠገቡ አልተነሳሁም። አሮጌው ባትሪ እንደ ዳቦ አብጧል። አደገኛ ነው፣ ወስጄ ላስወግደው አለኝ። የሞተ ባትሪ ምን ሊሠራለት ነው? ደጅ አውጥቼ ማሰሮ ደፍቼበታለሁ።

አሁን ስንነጋገር መብራት ቢሄድም ፊትሽ አይጠፋብኝም። በዚህ ደስ ብሎኝ ሳለ ሰላሀዲን ሲወጣ «እማማ፣ ይሄ ለዓመታት ይበቃዎታል» አለኝ። ለዓመታት በላፕቶፕ ብቻ ልንተያይ ነው? ለዒድ እመጣለሁ ብለሽኝ አልነበረም? የሚመጣ ሰው ዕቃውን በሰው እጅ ይልካል?

አላህ በሰላም ያገናኘን፣ ዱዓዬ አይለይሽ። ቻርጀሩም አርጅቷል። ሰላሀዲን ደህና ነው ቢልሽ አትስሚው። አዲሱን ቻርጀር ግን በሰው አትላኪ፤ ራስሽ ይዘሽው ነይ።

እናትሽ ሰሊሃ