ዓይኔና የክፍሉ በር

ውድ እትዬ፣

እንዴት ነሽ? ወገብሽን ተሻለሽ ወይ? የእማዬስ ጉልበት እንዴት ሆነላት? እኔ ደህና ነኝ፤ ደህንነቴ ግን መቀመጫ የለውም። ይህችን እንኳ እስክጽፍልሽ ሦስት ጊዜ ተነስቼ ተቀምጫለሁ።

«ማስተማሩ ካልሆነልሽ ተዪውና ቢሮ ግቢ» ያልሽው ደርሶኛል። ወደ መዝገብ ቤት ልዛወር ብዬ ማመልከቻ ጽፌ በቦርሳዬ ይዤ መዞር ከጀመርኩ ሁለት ሳምንት ሆነኝ። የማስገቢያው ቀን ነገ ያበቃል። አርባ ሁለት ሕፃናት፣ አንድ እኔ! መዝሙር ሳስጀምር ድምፄ ይከዳኛል፤ ተረት ስነግራቸው መጨረሻው ይጠፋኛል። ሃያ ዓመት ያስተማሩት የጎን ክፍል መምህርት የመጀመሪያ ዓመታቸውን ሽንት ቤት ገብተው ሲያለቅሱ እንደጨረሱት ነገሩኝ። ያን ቀን ብቻ ምሳዬ ወረደልኝ።

ሰኞ ዕለት ግን ጉድ አየሁ። ልጆቹ ትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ይጫወታሉ። «አለቃ» የምንላት የአምስት ዓመት ልጅ መምህርት ሆናለች፤ እኔን መሆኗ ነው። «እሺ ልጆች» ትልና በሩን ታያለች። ሁለት ቃል ትናገርና ደግሞ በሩን። ምን እንደምታይ ብጠይቃት «መምህርት እንዲህ ነው የምታደርገው» አለችኝ። ሌሎቹ አልሳቁም፤ ማስተማር ማለት ይሄ መስሏቸዋል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

በሩን የማየው ዳይሬክተሯ ደብተራቸውን ይዘው ሊገመግሙኝ እንዳይገቡብኝ ፈርቼ ነው። ግን አትቆጪኝ እትዬ፣ ከእሳቸው በፊት በር ላይ የቆምሽው አንቺ ነሽ። ያጠብኩትን ሳህን ደግመሽ ታጥቢዋለሽ፣ ያነጠፍኩትን አልጋ አፍርሰሽ ታነጥፊዋለሽ። «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ትይኛለሽ። በፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ሆዴ ውስጥ ቀርቷል።

ማክሰኞ ጠዋት ትንንሾቹን ወንበሮች በሙሉ አዞርኳቸውና በሩ ከኋላዬ ሆነ። ማጅራቴን ሲያሳክከኝ ዋለ። ትናንት ጭቃ እያቦካን (አዎ፣ ልጅ የሚያቦካውን!) ጅራቷ ስለጠፋባት ጦጣ ተረት ጀመርኩ። እንደ ልማዴ መጨረሻው ጠፋኝ። ጨርሱልኝ ብላቸው ክፍሉ በአንድ እግሩ ቆመ፤ ሁሉም የየራሱን መጨረሻ አመጣልኝ። ሲደወል አለቃ ቀሚሴን ጎትታ ዳይሬክተሯ ቁጭ ብለው አይተውን እንደሄዱ ነገረችኝ። በሩ አጠገብ ባለችው ትንሽ ወንበር ላይ! እኔ እኮ አላየኋቸውም። ምን እንደጻፉ ልጠይቅ ብዬ ሁለቴ ቢሯቸው ደጃፍ ደርሼ ተመለስኩ። አሁንም አላውቅም።

የእማዬን ጉልበት ሳሚልኝ። ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ፤ ቀልዱ እንደናፈቀኝ ንገሪው። ልጅሽንም ሳሚልኝ፤ ያጠበችውን ሳህን ግን ደግመሽ አትጠቢባት።

ይህን ወረቀት ገልብጠሽ እዪው። ማመልከቻዬ ነው፤ ሌላ ቅጂ የለኝም። ሐሳቤን ቀይሬ ሳልመለስ ፖስታ ቤት ልሩጥ።

መቀመጥ ያቃታት እህትሽ

ከሕፃናቱ ክፍል፣ ከበሩ አጠገብ ካለችው ትንሽ ወንበር
ሐሙስ፣ ኅዳር 11 ቀን