የሞተሩና የእናና እጥበት

ኅዳር 2፣ ማክሰኞ፣ ማምሻውን

አሁን ከባሕር ዳር ገባን። እናና ተኝታለች። እናቴን ከልጅነቴ ጀምሮ እናና ነው የምላት፤ አንተ ደብተር አዲስ ስለሆንክ ልንገርህ ብዬ ነው። ኩላሊቷን ታጠበች፣ በመልሱ መንገድ ሐሙሲት ከተማ ላይ አስመለሳት፣ አቁሜ ጀርባዋን ደገፍኩ። የተለመደ ነው። ማክሰኞና ዓርብ፣ ማክሰኞና ዓርብ። አንዱ ከቀረ ውሃው ሳንባዋ ውስጥ ይገባል ብለውኛል ሆስፒታል።

መኪናዋ ግን አናደደችኝ። ትንሽ ዳገት ስታይ ትንፋሽ ያጥራታል፣ ጥቁር ጭስ ትተፋለች፣ ቤንዚኑን እንደ ጠላ ትጨልጠዋለች። ማደያው በሳምንት አንድ ጀሪካን ብቻ ነው የሚሰጠኝ፣ እሱም ሰልፍ ታድሮ። ድሮ ለሁለት ምልልስ ይበቃኝ ነበር። አሁን አንዱን ምልልስ ከጨረስኩ በኋላ የሚቀረኝ ሐሙሲትም አያደርስ። ጥቁር ገበያው ላይ ያለው ደግሞ ላምባ የተቀላቀለበት ነው። መካኒክ ነኝ እኮ! የሰው መኪና ጠጋኝ፣ የራሴ ግን እንዲህ። ያሳፍራል።

ኅዳር 3፣ ረቡዕ

ከፈትኳት። የአየር ማስገቢያውን አወረድኩ፣ በባትሪ አየሁ። ጉድ ነው! የቫልቮቹ ጀርባ ጥቀርሻ ለብሶ የድስት ቂጥ መስሏል። ይቺ መኪና ቤንዚኑን በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ የምትረጭ ዓይነት ናት። ቫልቮቹ ላይ ቤንዚን ስለማያልፍ የሚያጥባቸው የለም፤ የዘይት ጭስ ብቻ እየተጋገረባቸው ይከርማል። የአየሩ መግቢያ ሲጠብ ሞተሩ ጉልበት ያጣል። እኔ ነዳጅ እረግጣለሁ፣ እሷ ትጠጣለች።

መታጠብ አለባት። በምን? የሞተሩን ክዳን፣ ቴስታታውን፣ አውርጄ እንዳልፍቀው ከሥሩ የሚገባው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ መተኪያ የለውም። ፈረንጆቹ የዛፍ ፍሬ ቅርፊት ፈጭተው በኮምፕረሰር ሲነፉበት ስልኬ ላይ አይቻለሁ። ፎገራ ላይ ተቀምጦ ቅርፊት የሚቸግረው ማን ነው? ጓደኛዬ ባዜ ሩዝ መፈልፈያ አለው፤ ገለፈቱ ደጁ ላይ ተቆልሏል። ልውሰድ ስለው ሳቀ፣ ባነሳህልኝ አለ። ቀጥሎ ለስላሳ እንዳይመስልህ፣ የማሽኔን ብረት የሚበላው እሱ ነው አለኝ። ጥቀርሻውንም ይብላልኝ አልኩት።

ኅዳር 4፣ ሐሙስ፣ ከሰዓት

አንድ በአንድ ነው ሥራው። ሞተሩን በእጅ አዞራለሁ፣ የዚያ ሲሊንደር ቫልቮች ጥርቅም ሲሉ ገለፈቱን እነፋለሁ፣ ከዚያ ትርፍራፊውን ስቤ አወጣለሁ። ቫልቩ ካልተዘጋ ገለፈቱ ሞተር ውስጥ ገባ ማለት ነው። አንደኛው እንደ አዲስ ሳንቲም አበራ። ሁለተኛውም። ሦስተኛውም። እሰይ!

አራተኛው ላይ መብራት ሄደ። እናና ተጣራች፣ ውሃ ጠማኝ ትላለች። ጉሮሮዋን ከማርጠብ በላይ አልተፈቀደላትም። እሷ ስትለምን እኔ ስከለክል ተጨቃጨቅን። መብራቱ መጣ፣ ተመልሶ ሳይሄድ ብዬ ሮጥኩ፣ ነፋሁ። ድምፁ ወፈር አለብኝ። አዙሬዋለሁ እንዴ? አዎ፣ አዙሬዋለሁ። መሰለኝ። ገጠምኩት።

ኅዳር 5፣ ዓርብ፣ ማታ

እልል በል ደብተሬ! መኪናዋ በረረች። ጉልበቷ ተመለሰ፣ ባ/ዳር ስንደርስ የነዳጁ ቀስት ከቦታው የተነቃነቀም አይመስል። በዚህ አያያዟ አንድ ጀሪካን ሁለት ምልልስ ይበቃል፣ እንዲያውም ይተርፋል። እናና፣ መኪናዋም ታጠበች፣ እኔም ታጠብኩ፣ አንተ ብቻ ነህ የቀረኸው አለችኝ ሸሚዜን እያየች። ከስንት ጊዜ በኋላ ነው እንዲህ የሳቅነው። ሐሙሲት ላይም አላስመለሳትም።

መመለሻ ላይ ከኋላ ሰማያዊ ጭስ አየሁ መሰለኝ። ከሥራው የተረፈ ዘይት ይሆናል። ይጠፋል።

ኅዳር 8፣ ሰኞ

አልጠፋም። ዘይቱ ወርዷል። አራተኛው ካንዴላ በዘይት ርሷል፣ ግፊቱን ለካሁ፣ ምንም የለም። ጓርኒሲዮን ኖረም አልኖረ ቴስታታውን አወረድኩ። የሲሊንደሩ ግድግዳ ድመት የቧጠጠው ነው የሚመስለው። ገለፈት ገብቷል። ቫልቩ ክፍት ነበር። እኔ ነኝ። የሚሳበብበት ሰው እንኳ የለም።

የፒስተን ቀለበቶቹም ጓርኒሲዮኑም የሚመጡት ካዲስ አበባ ነው፣ መንገድ ሲከፈት አሉኝ። መቼ ነው ስላቸው፣ እግዜር ያውቃል። አልጋው አጠገብ ቁጭ ብዬ ለእናና ነገርኳት። አልተቆጣችም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ብትረግመኝ ይሻለኝ ነበር።

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ

መናኸሪያ። ሚኒባሶቹ ነዳጅ የላቸውም። ረፋድ ላይ አንድ ተገኘች፣ ሰው በሰው ላይ። እናናን መስኮት ዳር አስቀመጥኳት፣ እኔ ከበሩ ጋ ተንጠልጥዬ። ስንደርስ ተራዋ አልፎ አልጋው ለሌላ ተሰጥቷል። ለምኜ፣ አልቅሼም ጭምር፣ ከመታጠቢያ ሰዓቷ ግማሹን ብቻ አጠቧት። ነርሷ ዓርብን እንዳታሳልፋት አለችኝ። እዚሁ ቤት ብትከራይላትስ አለች። እናና ሰማች። እማላውቀው ሰፈር ሰው ሳያውቀኝ አልሞትም አለች። በመልሱ ሰው ሁሉ እያየ አስመለሳት፣ ነጠላዋን አበላሸች፣ እኔን ሳይሆን ሌላውን ሰው ይቅርታ ስትጠይቅ ነበር የመጣችው።

ኅዳር 11፣ ሐሙስ

ባዜ እግዜር ይስጠው፣ ሩዝ ጭኖ ባ/ዳር የሚወርድ ሹፌር ለመነልኝ። ነገ ከንጋቱ 11 ሰዓት፣ ከፊት ወንበር፣ እሷን ብቻ ሳይሆን ሁለታችንንም።

ለእናና ስነግራት ነገ ምን ቀን ነው አለችኝ። ዓርብ አልኳት። አይ አንተ፣ ሚካኤል ነው አለች። ቁሐር ሚካኤል ክርስትና የተነሳችበት፣ የተዳረችበት፣ አባቴ የተቀበረበት ነው። እጥበቱ ይብቃኝ፣ እዚያ ውሰደኝ አለች። ቅዳሜ እወስድሻለሁ አልኳት። ቅዳሜ ሚካኤል የለም አለች። ጮህኩባት። ሳንባሽ በውሃ ይሞላል፣ ገብቶሻል ወይ አልኳት። ገብቶኛል አለች። ስትሄጂ እኔ ምን ልሁን አልኳት። እጄን ያዘች።

ኅዳር 12፣ ዓርብ፣ ንጋት

መኪናው ደጅ ቆሟል። ሹፌሩ ሞተሩን አላጠፋም፣ ነዳጄን ጨረሳችሁብኝ እያለ ነው።

እናና ነጠላዋን መስቀልኛ አጣፍታ ተቀምጣለች፣ እንደ ቤተ ክርስቲያን ተሳላሚ። ጫማዋን ላደርግላት ጎንበስ አልኩ። እግሯ አብጧል፣ አልገባም። ጣቴ ያረፈበት ጎድጉዶ ቀረ። ልጄ፣ ሁሌ አንተ ወዳልከው ነው የሄድኩት፣ አንድ ቀን እኔ ወዳልኩት አለችኝ። ባዶ እግሬን ብሄድም ሚካኤል አይቀየመኝም አለች።

ዛሬ ካልታጠበች ምን እንደሚመጣ አውቃለሁ። እሷም ታውቃለች። ሹፌሩ ጡሩምባውን ነፋ።

ወጥቼ ሂድ ልለው ነው። ባጃጅ እጠራለሁ። ቁሐር እንሄዳለን፣ እኔና እናና።