ለሌሊት ጉዞ የተዘጋጀች ጀልባ

በርኔት ሄድስ ወደብ
ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 14

ውድ አባዬ፣

እንዲህ ሁሉ ነገር የተሟላላት ጀልባ ሰው ለምን ይሸጣል? ማስታወቂያውን ያነበበ ሁሉ ይህንኑ ነው የሚጠይቀኝ፤ አንዱ በስልክ፣ ሌላው እዚህ ወደቡ ላይ እጁን ኪሱ ከትቶ ጀልባችንን ማሪጎልድን ከላይ እስከ ታች እየቃኘ። እኔም አንተ እንዳልከኝ፣ አባቴን ጉልበቱን አሞት መውጣት መውረድ አቃተው እያልኩ ሦስት ሳምንት ሙሉ ስመልስ ከረምኩ። ከትናንት ወዲያ፣ እሁድ፣ እውነተኛውን መልስ ከማላውቀው ሰው አፍ ሰማሁት። ይኸው ሁለት ቀኔ፣ የበላሁትን አላውቀውም። በስልክ ያልነገርኩህ ትስቅና ወሬውን ወደ ክሪኬት ጨዋታ ትወስድብኛለህ ብዬ ነው። ደብዳቤን ማቋረጥ አይቻልም።

ከመጀመሪያው ልንገርህ።

ማስታወቂያውን ስጽፍ እንዴት እንደኮራሁ አትጠይቀኝ። በስልክ ያስጻፍከኝን ሁሉ አንድ በአንድ አሰፈርኩ፦ «ርዝመቷ አሥራ አንድ ሜትር፣ አካሏ ብረት፣ ውቅያኖስ አቋርጣ የተፈተነች። ሸራዎቿ አዲስ። ነፋሱን ተከትሎ በራሱ የሚሠራ መሪ። ስልሳ ሜትር ሰንሰለት ከነኤሌክትሪክ መልህቅ ማንሻው። የባሕር ውኃ ማጣሪያ፣ አራት ሶላር። መርከብ ሲቀርብ በትልቅ ድምፅ የሚያስጠነቅቅ መሣሪያ። የውኃውን ጥልቀት በቃል የሚናገር መለኪያ።» በመጨረሻ ከራሴ አንዲት መስመር ጨመርኩ፦ «ገመዶቿ በሙሉ ለሌሊት ጉዞ በቋጠሮ ምልክት የተደረገባቸው።» አንተ ይህችን አላነሳህልኝም ነበር። የረሳሃት መስሎኝ ነው። በጨለማ የትኛው ገመድ የትኛውን ሸራ እንደሚያወርድ በእጅ መለየት ያለ ነገር ነው፤ ጥሩ መርከበኛ ሁሉ ያደርገዋል። የወደቡ ጎረቤታችን ቦይድ አንብቦት፣ «ጀልባ እየሸጥሽ ነው ወይስ እየዳርሽ?» ብሎ ሲስቅብኝ ዋለ።

እሁድ ረፋዱ ላይ ግዌንዳ ስታናርድ የምትባል ሴት መጣች። ሰባ አንድ ዓመቷ ነው። ባሏ ሲሞት ጀልባቸውን ሸጣ ሁለት ዓመት ቤት ውስጥ ተቀመጠች፤ ግድግዳው ሰለቻት። በአንድ እጇ ማንጎ፣ በሌላው የራሷን የሻይ ኩባያ ይዛ ነው የመጣችው። ይግቡ፣ ደረጃው ላይ ይጠንቀቁ ስላት ዞር ብላ ከኋላዋ አየች። «ከእኔ ሌላ ሰው አለ እንዴ? አንቺ በይኝ፣ አለዚያ ሳላያት እሄዳለሁ» አለችኝ። ወዲያው ወደድኳት።

ሌሎቹ ገዢዎች መጀመሪያ ሞተሩን ነው የሚከፍቱት። ግዌንዳ መሪው አጠገብ ቁጭ አለችና ከአንገቷ ሻርፕ ፈትታ ዓይኗን አሰረች። ቀን ቀን ሁሉም ጀልባ ቆንጆ ነው፤ እኔ የምገዛው በጨለማ የማውቀውን ነው አለችኝ። ከዚያ እጇን ዘረጋች። አንድ ቋጠሮ ያለበትን አገኘች፣ ትልቁ ሸራ አለች። ሁለት ያለበትን ዳሰሰች፣ የፊቱ ሸራ። ሦስት ያለበትን ሳብ አደረገችና፣ ይሄ ደግሞ ነፋስ ሲበረታ ሸራ ማሳነሻው ነው አለች። ማንም አልነገራትም። «ይህን ያሰረው ሰው የሚያደርገውን ያውቃል» ስትል ደረቴ ሊፈነዳ ደረሰ። አባቴ ነው አልኳት።

ሻርፑን ሳትፈታ ወደ ታች ወረደች። እጄን ብሰጣት ገፋችው። የደረጃዎቹ ጠርዝ ላይ የለጠፍከውን ሻካራ የብርጭቆ ወረቀት በጫማዋ ቆጠረችና ሳትደናቀፍ ማዕድ ቤት ገባች። ሻይ ላፍላልሽ ብላ ጣሳዎቹን መዳሰስ ጀመረች። ሻይ ቅጠሉ ጣሳ አንገት ላይ ባለ አንድ ቋጠሮ ሲባጎ፣ ቡናው ላይ ሁለት፣ ስኳሩ ላይ ሦስት። የምድጃው ማዞሪያ ላይ፣ እሳቱ መለስተኛ የሚሆንበት ቦታ፣ የደረቀች የሙጫ ጠብታ አለች። ለካ እኔ ያቺን ጠብታ ስንት ጊዜ ቆሻሻ መስላኝ ልፍቃት ታግያለሁ። ግዌንዳ ጣቷን እዚያ ላይ አሳረፈች። ሻርፑን ቀስ ብላ ፈታች።

ሲባጎውን ማን እንዳሰረው ጠየቀችኝ። አባቴ፣ ሥርዓት ይወዳል አልኳት። ማዕድ ቤቱ መብራት አለው ወይ አለችኝ። ሦስት አለው ብዬ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።

«ሌሊት ለሚሠራ ሰው ገመዱ ላይ ቋጠሮ ይበቃዋል» አለች። «ሻይ ጣሳ ላይ የሚቋጥር ሰው ቀኑም ሌሊት ሆኖበታል። አባትሽ ማየት ካቃተው ስንት ጊዜው ነው፣ ልጄ?»

አባዬ፣ ተቆጣኋት። ሰውየው አምና ኦክቶበር ከኑሜያ ወደብ እዚህ ድረስ ሰባት ቀን ሙሉ እኔን ይዞ ውቅያኖስ አቋርጧል፤ ዓይነ ስውር ይህን ያደርጋል ወይ አልኳት። አልተከራከረችኝም። በዚያ መንገድ ካርታውን ማን ያነብ እንደነበር ብቻ ጠየቀችኝ። እኔ አልኩ፤ ተማሪ ነሽ፣ ልምድ ያስፈልግሻል ብሎኝ። የጉዞ መዝገቡን ማን ይጽፍ ነበር? እኔ፤ ያንቺ ጽሕፈት ያምራል ብሎኝ። ቀኑን መሪው ላይ ማን ነበር? እኔ አልኩ። «ቀኑ ያንቺ፣ ሌሊቱ የኔ» ያልከኝ እንድተኛ አዝነህልኝ መስሎኝ ነበር። በሌሊት ግን ሁለታችንም እኩል ነን፤ ማስጠንቀቂያው ይጮሃል፣ መለኪያው ይናገራል፣ ቋጠሮው እጅህ ላይ ነው።

ሦስተኛው ሌሊት ትዝ ይልሃል? ማስጠንቀቂያው ጮኸና ከእንቅልፌ ቀሰቀስከኝ። «ብሮን፣ ነይ ውጪ፣ ፈተና ነው። የዚያ መርከብ መብራት ምን ይልሻል?» አልከኝ። ዓይኔን እያሸሁ ቀይ ነው፣ የግራ ጎኑ መብራት ነው፣ ከፊታችን ከቀኝ ወደ ግራ እያቋረጠ ነው፣ መንገድ የምንለቅለት እኛ ነን አልኩህ። «እርግጠኛ ነሽ?» አልከኝ። እርግጠኛ ነኝ አልኩ። በእኔ ቃል ብቻ መሪውን ወደ ቀኝ አዞርክ። የዓሣ ማጥመጃው መርከብ የሞተሩ ሽታ እስኪሰማን ድረስ ቀርቦ አለፈ። «አለፍሽ» ብለህ ትከሻዬን መታ መታ አደረግከኝ፤ እኔም ፈተና እንዳለፈ ሰው ደስ ብሎኝ ተመልሼ ተኛሁ። እንዴት ተኛሁ? ግራ ቀኙን አምታትቼ ቢሆንስ?

ግዌንዳ ከሄደች በኋላ መዝገቡን አወጣሁ። ከእኔ በፊት ያለውን ያንተን ገጾች ለመጀመሪያ ጊዜ አነበብኩ። ጽሕፈትህ በየወሩ እየተለቀ ይሄዳል፣ ከዚያ መስመሩ በመስመር ላይ ይወጣል፣ መጨረሻ ላይ አንድ ገጽ ላይ አንድ ቃል ብቻ አለ። «ኑሜያ» ይላል። ቀጥሎ የእኔ ጽሕፈት ነው።

ሌላም ነገር ገባኝ። ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ላይ ሳለሁ፣ አንድ ቀን ብትታመምብኝ ትምህርቴን ጥዬ መጥቼ ካንተ ጋር እኖራለሁ ብዬህ ነበር። ቀልድ አልነበረም፣ አንተም ታውቃለህ። ሽጪያት ብለህ የደወልክልኝ ዲግሪዬን በተቀበልኩ ማግስት ነው፤ ገና የተከራየሁትን የምረቃ ቀሚስ እንኳ ሳልመልስ። እስክመረቅ ቀን ስትቆጥር ነበር ማለት ነው።

ተናድጄብሃለሁ። ይህን እንድታውቀው እፈልጋለሁ፤ የሁለት ሰው ነፍስ እጄ ላይ አስቀምጠህ ፈተና ነው አልከኝ። ደግሞ እልሃለሁ፣ በዓለም ላይ እንደዚያ ያመነኝ ሰው የለም። እነዚህን ሁለቱን ነገሮች አንድ ላይ መያዝ አቅቶኝ ነው ሁለት ቀን ወደቡ ላይ ወዲያ ወዲህ ስል የከረምኩት።

አሁን ወደ ጉዳዩ። ግዌንዳ ማሪጎልድን ትፈልጋታለች። ለኔም ዕድሜ ቋጠሮዎቹ ሳያስፈልጉኝ አይቀርም አለች፤ ማንሳት የለም፣ እንዳሉ ትወስዳቸዋለች። እስከ ወሩ መጨረሻ ትጠብቀኛለች። ግን ስትወጣ ሌላም ሐሳብ ጣል አደረገች፦ ካልሸጥን አብራኝ ሠራተኛ ሆና ዳርቻ ዳርቻውን ይዘን እናንተ ያላችሁበት ሆባርት ድረስ እንወርዳለን፣ ከገና በፊት እንደርሳለን። «መርጣችሁ ንገሩኝ፤ በሁለቱም መንገድ እኔ ጀልባ ላይ ነኝ» ብላ ማንጎዋን ትታልኝ ሄደች። ዳርዊን ከተማ ያገኘሁት ሥራ የሚጀምረው ፌብሯሪ ነው። አንድ ወር ሙሉ ካንተ ጋር በዚያ ባሕር ላይ ወዲያ ወዲህ ማለት እንችላለን። የአየር ጠባዩን አይቻለሁ፣ የምናርፍባቸውን ወደቦች ጽፌ ጨርሻለሁ፤ እንዲህ ቸኩዬ አላውቅም። ትምህርቴን አልጥልም፣ ጨርሻለሁ። የምትፈራው ነገር የለም። ዳርዊንንም አልተውም፣ ቃሌ ነው። ባይሆን ደግሞ አይሁን፣ ትሸጥ፤ ነገር ግን ስትሸጥ በእውነቱ ትሸጥ እንጂ በጉልበት ሰበብ አይሁን።

«ሽጪያት፣ አርፈሽ ሥራሽን ያዢ» እንደምትለኝ አውቃለሁ። ስለዚህ የምጠይቀው አንተን አይደለም።

አክስቴ ኖሪን፣ ይህን የምታነቢለት አንቺ ነሽ። ከአምና ጀምሮ የሚመጣልኝ ደብዳቤው ሁሉ በኮምፒውተር ተጽፎ ነጠላ ሰረዙ ሳይቀር በቦታው ነው፤ ወንድምሽ ደግሞ በዕድሜው ነጠላ ሰረዝ አያውቅም። አልተቀየምኩሽም። ብርዱ ለቆላችሁ የፖም ዛፎችሽ በደህና ያብቡልሽ። ብቻ አንድም ቃል ሳትዘዪ አንብቢለት፤ ሆባርት የሚለው ጋ ስትደርሺ ደግሞ አቁሚና ፊቱን እዪልኝ። እሱ የሚልሽን አትጻፊልኝ፤ ያየሽውን ጻፊልኝ። ከወሩ መጨረሻ በፊት ይድረሰኝ፤ በዚያ ነው የምወስነው።

የምትወዳችሁ፣
ብሮንዊን